የተዘቀዘቀው ነጠላ

እሁድ ከሰዓት ቢቸና አዳራሽ ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የሙሽራ ቀሚስ ለብሼ ቆሜአለሁ። ልቤ ድው ድው ይላል...

መድረክ ፈርቼ አይደለም። የእጮኛዬ እናት ከሞጣ መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በፎቶ እንጂ በአካል አይተውኝ አያውቁም። እሳቸው ካልወደዱኝ ደግሞ ልጃቸው ሽማግሌ አይልክም። እንዲህ ያለ የእናቱ ልጅ ነው።

የምንሠራው ቴአትር የአንዲት የልብስ ዲዛይነር ሐሳብ ነው። እዚሁ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች ናት። ልብሶቿን ሞዴል ለብሶ እንዲንጎራደድባቸው አልፈለገችም፤ ሰው ሲዳር፣ ሲወልድ፣ ሲጣላ በመድረክ ይታዩ አለች። እኛን የከተማውን መምህራን ሰብስባ አለማመደችን፤ ሙሽራዋ እኔ ሆንኩ።

ልወጣ ስል መጣችና ነጠላዬን ዘቅዝቃ ጥለቱን አንገቴ ሥር አደረገችው።

«ይሄማ የሐዘን አለባበስ ነው» አልኳት።

«የለፋሁት ጥለቱ ላይ ነው፤ ፊትሽ ጋ ካልሆነ ፎቶ ላይ አይታይም። ካልፈለግሽ ቀሚሱን አውልቂና ለሌላ ልስጥ።»

አለማውለቄ እስካሁን ያበግነኛል። ግን ምን ላድርግ፣ ቀሚሱ አምሮብኝ ነበር።

ወጣሁ። አንዲት ሴትዮ አማተቡ። እንደተለማመድነው መድረክ ላይ እናቴን ለምትሠራው ጓደኛዬ «እናቴ፣ ልሄድ ነውና መርቂኝ» አልኳት። እሷ ሳትመልስ የእጮኛዬ እናት ከወንበራቸው ተነሡ።

«አንቺ ልጅ፣ ሙሽራ ነኝ እያልሽ ማን ሞቶብሽ ነው?»

ከመጋረጃው ጀርባ ዲዛይነሯ «ቀጥይ! ነጠላውን እንዳትነኪው!» ትለኛለች። ብሽቅ አልኩ። እዚያው ሰው ፊት ነጠላውን አውልቄ፣ አስተካክዬ ለበስኩት።

«ማንም አልሞተብኝም፣ እማማ። አልብሰውኝ ነው።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ያለበሱሽን ሁሉ ትለብሻለሽ?»

ጃንጥላቸውን አንስተው ወጡ። ኋላ ያሉት ተማሪዎች የቴአትሩ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ። ዲዛይነሯም ማታውኑ ፎቶዬን «ተመልካቹን ያሳተፈ ሥራ» ብላ ለጠፈችው። የተዘቀዘቀውን መርጣ!

ትናንት እጮኛዬ ደወለ። ድምፁ ፈራ ተባ ይላል።

«እናቴ እሺ ብላለች፤ ሽማግሌ ይሂድ ብላለች። ግን... የጥሎሹን ቀሚስ የምመርጠው እኔ ነኝ፣ የመረጥኩትን ትለብሳለች ነው የምትለው።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደሜ ነው የፈላው።

«ያለበሱኝን ሁሉ እንዳልለብስ ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው በላቸው» አልኩት።

ስልኩን ዘጋው። ይኸው እስካሁን አልደወለም።

ለጊዜው ነጠላዬን በወጉ ለብሼ እየጠበቅኩት ነው። ካልደወለ ያኔ ራሴ እዘቀዝቀዋለሁ።