ከፊሽካው በኋላ ያለው እጅ

የመካችን ክንድ ለመለካት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ የሜትሩን ጫፍ ትከሻው ላይ ካለችው የአጥንት ጉብታ ያሳርፋል፤ ሌላው እስከ መሃል ጣቱ ጫፍ ድረስ ይስባል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ኦርሊን ባከዳል ጣቱ ጋ፣ ማርቭ ፕሩት ትከሻው ጋ ሲቆሙ ኖረዋል። ሁለቱም የአሜሪካ ፉትቦል መልማዮች ነበሩ፤ የሚሠሩት ግን ለተለያየ ክለብ ነው። በወጉ ቢሆን ተቀናቃኞች ናቸው። ነገር ግን ከሚኒሶታ እስከ ሞንታና ባለው ሜዳ አገር አንድ መንገድ ሲመላለሱ፣ አንድ ሆቴል ሲያድሩና አንድ ሜትር ሲጋሩ አርጅተዋል።

ማርቭ በጥር ወር በረዶ ሲጠርግ ልቡ ቆሞ ሞተ። መሬቱ እንደ ድንጋይ ስለ ጠነከረ አልተቀበረም፤ አስከሬኑ እስከ ግንቦት ድረስ ሊቆይ ቀጠሮ ተይዞለታል። በመጋቢት ኦርሊን አንድ ትንሽ ኮሌጅ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ሜትሩን ይዞ ሲቆም፣ ጓደኛው ገና አፈር አልቀመሰም ነበር።

በዚያ ቀን ትከሻውን የያዘለት የኮሌጁ የመስመር አሰልጣኝ ሮስኮ ዲትማን ነው።

«አጥንቱ ላይ አልኩህ እኮ፣ ሮስኮ። ሥጋው ላይ አይደለም።»

«እዚህ ልጅ ላይ አጥንት ፈልገህ አግኝ እስቲ! ሦስት መቶ ዘጠኝ ፓውንድ ነው።»

«ካንተ ይቀላል።»

«እኔማ አሁን የምለካው ለሬሳ ሣጥን ነው» አለ ሮስኮ እየሳቀ። ከዚያ ያለው ነገር ለራሱ ተሰማውና ሳቁን ዋጠው። «ይቅርታ፣ ኦርሊን። አፌ ነው።»

«ግድ የለም። ቀጥ አርገህ ያዝ።»

ሠላሳ አራት ኢንች ከሩብ። ኦርሊን ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበና ጻፈ። ልጁ፣ ጋሪክ ክራን፣ እንደ በር መቃን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ዓይኑ ግን ከኦርሊን እርሳስ ላይ አልተነሳም። ከኳስ ወርዋሪው በስተግራ ቆሞ አጥቂዎችን የሚያግድለት መካች እንዲህ ያለ ክንድ ካለው፣ እንዲህ ያለ እግርም ከተጨመረለት፣ ከትንሽ ኮሌጅ መምጣቱን ማንም አይቆጥርበትም። እናትና አባቱ ከዚያ ሁለት ሰዓት በሚያስነዳ ቦታ ስንዴና ሱፍ ያርሳሉ። ከዚያ ወረዳ ለታላላቆቹ ክለቦች የተመረጠ ሰው እስካሁን የለም።

ኦርሊን ስድሳ አራት ዓመቱ ነው። መልማይ ከመሆኑ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሯል። ሚስቱ ከተለየችው ቆይታለች፤ ቱሰን የምትኖረው ልጁ እሁድ እሁድ ትደውላለች፤ የአየሩን ሁኔታ ተነጋግረው ስልኩን ይዘጋሉ። ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ በፊደል ተራ የተደረደሩ አራት የብረት ሣጥኖች አሉ። በእነሱ ውስጥ የሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስድስት መካቾች የግምገማ ቅጽ ቅጂ ይገኛል። መካች ብቻ ነበር የሚያየው። ሕዝቡ፣ ካሜራውና ጋዜጠኛው ኳሷን ተከትለው ሲሮጡ፣ እሱ ኳሷ ወዳልሄደችበት ያያል፤ ሁለት እግሮች፣ አንድ ወገብ፣ ሁለት እጆች። ጨዋታው ስንት ለስንት እንዳለቀ ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ አያውቅም።

ሌላም ልማድ ነበረው። መልማዮች ፊልም ሲያዩ በእያንዳንዱ ግጭት መጨረሻ ዳኛው ፊሽካ በነፋበት ላይ ያቆሙና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። የሚሞሉት ቅጽ ዘጠኝ ሣጥኖች አሉት፤ እግር፣ እጅ፣ ጉልበት፣ ወገብ፣ ጠባይ እያለ ይሄዳል፤ ሁሉም ከፊሽካ በፊት ያለውን ነው የሚጠይቁት። ኦርሊን ግን ፊልሙን ይለቀዋል። ልጁ ከወደቀበት ሲነሳ፣ ጓደኛውን ሲያነሳ፣ ወደ ሰልፉ ሲመለስ ያያል። ማርቭ «አንተ ሰውዬ፣ ሲራመዱም ልትለካቸው ነው እንዴ? ራት ያልፈናል!» እያለ ይቀልድበት ነበር።

የጋሪክን ፊልም ሮስኮ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያይ፣ ዘጠነኛው ጨዋታ ላይ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው፣ ልጁ ፊት ለፊቱ የመጣውን በግንባሩ ገጭቶ አስቆመው። ፊሽካ ተነፋ። ጋሪክ ተመለሰ። ቀኝ ክንዱ ተንጠልጥሏል። ጣቶቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። የራስ ቁሩን ማሰሪያ በግራ እጁ ፈታው።

ኦርሊን መለሰና አየው። ከዚያ ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ እንደገና አየ። እስከ ስምንተኛው ድረስ ማሰሪያውን የሚፈታው በቀኙ ነው። ከዘጠነኛው ጀምሮ በሦስት ጨዋታ አራት ጊዜ በግራው። ደቂቃዎቹን በተራ ጻፋቸው። ይህን ከዚህ በፊት አይቶታል።

የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ዱዊ ላራቢ የሚባል መካች ነበር። ኦርሊን እሱም ከፊሽካው በኋላ ቀኝ እጁን ሲያራግፍ፣ የውሃውን ጠርሙስ በግራው ሲቀበል አይቷል። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ሣጥን አልነበረም፤ አካልን መመርመር ደግሞ የሐኪም ሥራ ነው። አልጻፈም። ዱዊ ተመረጠ። በሁለተኛው መኸር አንድ ተራ ግጭት ላይ ወደቀና ሲነሳ ቀኝ ክንዱ አብሮት አልተነሳም። እስከ ዛሬ የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት እኅቱ ናት።

ያን ሳምንት ማርቭና ኦርሊን ቁርስ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አንተ ልጁ ላይ አይተህ ነበር?» አለው ማርቭ። «ምልክት? የሆነ ነገር?»

«የለም። አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም። ሁለት የታወርን ሽማግሌዎች!»

ማርቭ ይህን ሲል ሳቀ፤ ግን ከዚያ በኋላ ነገሩ አልለቀቀውም። በየገናው ለዱዊ ካርድ ይልክ ጀመር። በመንገድ ላይ፣ ሌላ ወሬ መሃል፣ «ብቻ እንዴት ዓይኔ አለፈው!» ይላል። ኦርሊን መሪውን ይዞ መንገዱን ያያል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጓደኛው ባልሠራው ጥፋት ራሱን ሲወቅስ ሰማ፤ አንድም ቀን «እኔ አይቼዋለሁ» አላለውም። አሁን ደግሞ የሚነገረው ሰው የለም።

ኦርሊን ወደ አዳራሹ ተመለሰ፤ ጋሪክ ታጥቦ፣ ጸጉሩ ሳይደርቅ ከመቀመጫዎቹ አንደኛው ረድፍ ላይ አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠ። እንጨቱ ጮኸ።

«ጋሪክ፣ ከፊሽካው በኋላ ማሰሪያህን በግራህ ነው የምትፈታው።»

«ልማድ ነው፣ ጌታዬ።»

«እስከ ስምንተኛው ጨዋታ በቀኝህ ነበር።»

ልጁ ሜዳውን ማየት ጀመረ።

«ስንት ጊዜ ነው?»

«አላስታውስም።»

«ታስታውሳለህ።»

«ሰባት» አለ ጋሪክ።

«እኔ አራት ነው ያገኘሁት።»

«ሦስቱ ልምምድ ላይ ናቸው።»

«ምን ይሰማሃል?»

«ከአንገቴ እሳት ይወርዳል። ከዚያ እጄ የኔ አይሆንም። አንድ ደቂቃ። ቢበዛ ሁለት። ከዚያ ይመለሳል።»

«ለወጌሻው ነግረኸዋል?»

«ትከሻዬን ነው አልኩት።»

«እናትህስ?»

«እናቴ ምን አገባት?» ድምፁ አዳራሹ ውስጥ አስተጋባ። ወዲያው አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጌታዬ። አይንገሯት። እርስዎም አይጻፉት። ሐኪም ካየው ይየው፤ ካላየው ደግሞ ይቅር። የእርስዎ ሥራ እግሬን ማየት ነው። እግሬ ምን ይጎድለዋል?»

«ምንም። በዚህ አገር ካየኋቸው ሁሉ የተሻለ እግር ነው ያለህ።»

«እና?»

«አንድ ልጅ ነበር...» ብሎ ኦርሊን ጀመረ።

«ሁልጊዜ አንድ ልጅ አለ!» አለ ጋሪክ። «ሮስኮም አንድ ልጅ አለው። ወጌሻውም አንድ ልጅ አለው። ሁላችሁም አንድ ልጅ አላችሁ። እኔ እሱን አይደለሁም። ከአሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ ከሰው ሁሉ ስገዝፍ፣ በር ስሰብር፣ ወንበር ስሰብር፣ ሰው ሲስቅብኝ ኖሬ፣ ይሄ ገላ ለምን እንደ ተሰጠኝ የገባኝ እዚህ መስመር ላይ ስቆም ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ጌታዬ። አንድ እሁድ የታላላቆቹን ክለቦች ሜዳ ረግጬ ልውጣ። ከዚያ እጁም ይቅር።»

የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ «እጁም ይቅር» ሲል ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም፤ የሸሚዝ ቁልፍ አላሰበም። ኦርሊን ይህን ሊነግረው ፈለገና የዱዊን ስም በአፉ ማንሳት አቃተው። «አስብበታለሁ» አለ። ያም ውሸት ነበር፤ ሊጽፈው ቆርጦ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቅጹን ሞላ። ዘጠኙን ሣጥኖች በሐቅ ሞላቸው፤ ለእግሩ በሥራ ዘመኑ ለሁለት ሰው ብቻ የሰጠውን ቁጥር ሰጠው። ከዚያ በኅዳጉ ላይ፣ ቦታው ስለ ጠበበ ወረቀቱን አዙሮ፣ በትንንሽ ፊደል አራቱን ደቂቃዎች ጻፈ። «ከፊሽካ በኋላ። ቀኝ እጅ አይታዘዝም። ማሰሪያ በግራ። ራሱ ሰባት ጊዜ ይላል። አንገቱ ይታይ።» እርሳሱን አስቀምጦ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አየው። ላከው።

የክለቡ የምርጫ ኃላፊ ከሰዓት በኋላ ደወለ። «ኦርሊን፣ ሐኪም ሆንክ እንዴ?»

«ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

«ጨዋታው ቆሞ ያየኸውን?»

«አዎ። ጨዋታው ቆሞ።»

በሚያዝያ መጀመሪያ ልጁን አስጠርተው አስመረመሩት። በአንገቱ አጥንት ውስጥ ነርቩ የሚያልፍበት መንገድ ከልደቱ ጀምሮ ጠባብ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ «አሁን ቁም» አለው፤ ሁለተኛውም ሐኪም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ክለቦች ስሙን ከሰሌዳቸው አነሱ። ክለቦቹ ተጫዋች የሚመርጡበት ሦስት ቀን ሲያልፍ ከዚያ ወረዳ የተጠራ ማንም አልነበረም።

እናቱ ጆዲ ክራን ደወለች። «አቶ ባከዳል፣ ጋሪክ ስምዎ እንዲነሣ አይፈልግም። እኔ ላመሰግንዎ ነበር የደወልኩት» አለች። ከበስተጀርባ የውሻ ጩኸት ይሰማል። «ግን አልወጣልኝም። ከክፍሉ አይወጣም እኮ። ምግቡን በር ላይ ነው የማስቀምጥለት።»

«ይገባኛል፣ ወይዘሮ ክራን።»

«አይ፣ አይገባዎትም» አለችና ዘጋችው።

ግንቦት ላይ አፈሩ ለዘበና ማርቭን ቀበሩት። ሰው ጥቂት ነበር፤ አምስት መልማዮች፣ ባለቤቱ፣ አንድ ቄስ። ዱዊ ላራቢም መጥቷል፤ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ የገና ካርዶቹን በላስቲክ አስሮ ይዟል። «እኔን ሳያይ ስለ ማለፉ በየካርዱ ይቅርታ ይጠይቀኝ ነበር» አለው ለኦርሊን። «እኔ እኮ የደበቅሁት ከሁላችሁም ነው። እንዴት ሊያይ ይችላል?»

ኦርሊን አፉን ከፈተ። አሥራ ስምንት ዓመት የዘገየው ቃል እስከ ጥርሱ መጣ።

«እኔ አይቼህ ነበር፣ ዱዊ» አለ። «አልጻፍኩትም። ማርቭ አላየም። ያየሁት እኔ ነኝ።»

ዱዊ አፈር ወደሚመልሱት ሰዎች ዞረ። አልተቆጣም። «ለእሱ ነግረኸዋል?» ብሎ ብቻ ጠየቀ።

«አልነገርኩትም።»

ዱዊ ራሱን ነቀነቀና፣ ካርዶቹን ብብቱ ውስጥ አድርጎ፣ ወደ እኅቱ መኪና ሄደ። ሰላምታ አልሰጠውም።

በጥቅምት ኦርሊን ወደ ምዕራብ ሲያልፍ ከዋናው መንገድ ወጥቶ የክራኖች እርሻ ዳር መኪናውን አቆመ። ሱፉ ጠቁሮ አንገቱን ደፍቷል፤ ማጨጃው ከወዲያኛው ጫፍ አቧራ እያስነሳ ይመጣል። ጆዲ ከቤቱ ደጃፍ አየችው፤ እጇን አላነሳችም፣ ሂድም አላለችውም። ማጨጃው አጥሩ ጋ ደርሶ ቆመ። ጋሪክ ወረደ። ከስቷል፤ ምናልባት ሠላሳ ፓውንድ። መኪናውን አየ፤ ማን እንደሆነ አወቀ፤ ፊቱን አዞረ።

ኦርሊን ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል ልማዱ ያዘው። ቆይቶ አየ። ልጁ የአጥሩን በር ገፋ፤ በሩ ከብረት ነው፤ ከባድ ነው። መቀርቀሪያውን በቀኝ እጁ ሳበ። ጓንቱን በጥርሱ አወለቀ፤ በቀኝ እጁ ጣቶች ከሸሚዙ ኪስ አንድ ትንሽ ነገር፣ ብሎን መሰለው፣ አወጣና ማጠፊያው ላይ አስገብቶ አሽከረከረው። ከዚያ ወደ ማጨጃው ተመልሶ ወጣ፤ ወደ ኋላው አላየም።

ኦርሊን ከመኪናው ኪስ የጋሪክን ቅጽ ቅጂ አወጣ። ከሥሩ የዱዊ አለ፤ ኅዳጉ ባዶ ነው። የጋሪክ ቅጽ ላይ ቀኑን ጻፈ። «ቀኝ እጅ። ከፈተ። ዘጋ። ብሎን አሰረ። አላናገረኝም» ብሎ ጨመረ። ሁለቱን በአንድ ላይ አጥፎ መለሳቸውና አቧራው እስኪያልፍ ድረስ ጠበቀ።