አትዙሪ

ማደያ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ በሀይላንድ እየተሞላ መንገድ ዳር ይሸጣል፤ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ያውቀዋል። ባለፈው ሰሞን ሻጯ ክዳኑን ስትከፍትልኝ ሽታው አፍንጫዬን መታኝና ፈዝዤ ቆምኩ። "ወንድሜ፣ ልቅዳልህ ወይስ ልታሸተው ነው የመጣኸው?" አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? ሌላው ሰው ቤንዚን ሲሸተው መኪና ይታየው ይሆናል። ለእኔ የሚታየኝ የአባቴ እጅ ነው፤ የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም በቤንዚን አሟሙቶ፣ በክብሪት እንጨት አማስሎ፣ ያንን ነጭ ሙጫ በመርፌ ጫፍ ሲያነሣና ትንፋሹን ሲይዝ።

አባቴ የባሕር ኃይል ሰው ነበር። ሆሳዕና ተቀምጦ የባሕር ኃይል ሰው መሆን ምን ማለት እንደሆነ እንግዲህ አስበው። ወጣትነቱን የጨረሰው ምጽዋ፣ መርከብ ሆድ ውስጥ፣ ሞተር ክፍል ነው። ደርግ ሲወድቅ ዩኒፎርሙን ጥሎ፣ በየት በየት ብሎ አገሩ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ አገሪቱም ባሕር አልባ ሆነች። "እኔ ከባሕር ወጣሁ፣ ባሕሩም ከእኛ ወጣ፤ ተፋታን" ይል ነበር ደስ ሲለው። ደስ ሳይለው ደግሞ ምንም አይልም። የካቶሊክ ሚስዮኑን ጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ እየጠገነ፣ ከቤት ሚስዮን፣ ከሚስዮን ቤት ሲል የኢህአዴግን ዘመን ኖረው።

ቤታችን ከመናኸሪያው ጀርባ ነበር። በጓሮ በኩል ያለችው ክፍል የእኔ ነበረች፤ መስኮቷ ላይ ስትቆም ከአጥሩ ማዶ አውቶብሶቹ ይታያሉ። ከንጋት ጀምሮ ረዳቶቹ "ዱራሜ! ዱራሜ! ሀደሮ! አዲሳባ፣ አንድ ሰው የቀረው!" እያሉ ይጮኻሉ። አውቶብሱ ባዶም ቢሆን ሁልጊዜ የሚቀረው አንድ ሰው ነው፤ አመላቸው ነው። አሥረኛ ክፍል ላይ ወድቄ ቤት የተቀመጥኩ ጊዜ ግን ያ ጩኸት እኔን የሚጠራ ይመስለኝ ጀመር። የቀረሁት አንድ ሰው እኔ ነበርኩ። ጓደኞቼ በየተራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይወጣሉ፣ እኔ መስኮቱን ተደግፌ የናፍጣ ጭሳቸውን እምጋለሁ። ክረምት ሲገባማ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ክዳን የተገጠመብኝ ያህል እታፈን ነበር።

ገንዘብ ቸግሮኝ አልነበረም የቀረሁት። እዚያ ያለው አጎቴ ለደላላው ጨርሶልኛል። የጎደለኝ ምርቃት ነው። ይኼ ለአንዳንዱ ቀላል ይመስለው ይሆናል፤ እኛ ጋ ግን አባቱ ሳይመርቀው የወጣ ልጅ መንገዱ አይቀናውም ይባላል፣ ለዚያውም በእኛው ቤት ታይቷል። ታላቅ ወንድሜ አባቴን ሳይሰናበት ነው የወጣው። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው በጎረቤታችን ባለሱቅ ስልክ ነበር። "ነገ ሐይቅ እንሻገራለን" አለ። አባቴ ስልኩን ከእናቴ እጅ ነጥቆ "ጀልባው ምን ያህል ነው? ስንት ሰው ነው የሚጭነው?" ብሎ ጠየቀ። መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ አልደወለም። ሞተ የሚል አልመጣም፣ አለ የሚልም አልመጣም፤ እናቴ ለቅሶ እንኳ መቀመጥ አልቻለችም።

እናም እንደ ወንድሜ ሹልክ ብሎ መውጣት ለእኔ የሚታሰብ አልነበረም። አንድ ከሰዓት እናቴን አማላጅ አድርጌ አባቴ ፊት ቆምኩ።

በዚያው ሰሞን የሚስዮኑ አሮጌ ፈረንጅ ቄስ በጡረታ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ዕቃቸውን ያድሉ ነበር። ለአባቴ የደረሰው አንድ ትልቅ ካርቶን ነው። ለልጆች መጫወቻ ተብሎ ከውጭ መጥቶ፣ ልጆቹ የማይችሉት ሆኖ፣ መጋዘን የከረመ። ክዳኑ ላይ በማዕበል መካከል መድፎቿን የምትተኩስ ግራጫ የጦር መርከብ ተሥላለች፤ ድሮ በዓለም ጦርነት የተዋጋች የአሜሪካ መርከብ፣ ስሟ ሚዙሪ። ውስጡ ደግሞ ቁጥር የተጻፈባቸው፣ ገና ከመያዣቸው ያልተነቀሉ የፕላስቲክ ብልቶች ታጭቀዋል። አባቴ ጥያቄዬን የሰማው ያንን ካርቶን ጭኑ ላይ አድርጎ ነው። አንዷን የመድፍ አፈሙዝ በጣቶቹ ብዙ አገላበጠ።

"ይቺን እንሥራት" አለ በመጨረሻ። "ስታልቅ መርቄ እሸኝሃለሁ።"

ሳምንት የሚፈጅ መስሎኝ ተደሰትኩ። የዋህ ነበርኩ።

እናቴ አፏን የፈታችው በሃዲይኛ ነው፤ አማርኛን እንደፈለገች ታደርገዋለች። የመርከቧን ስም ስትሰማ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። "ሚዙሪ? ዙሪ፣ ዙሪ እያሉ ነው ያሳደጓት? ደግ አይደለም። በዚህ ቤት የዞረ ይበቃል። አትዙሪ በሏት።" አባቴ ወንድሜ ከጠፋ ወዲህ ስቆ አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ሳቀ። ከዚያ በኋላ በቤታችን የመርከቧ ስም አትዙሪ ሆነ። ጠዋት ጠዋት እናቴ ቆጮ ይዛልን ስትገባ "አትዙሪ እንዴት አደረች?" ትላለች፣ ሰው እንደምትጠይቅ።

ካርቶኑ ውስጥ ያለውን እንዳለ ብንገጣጥመው ኖሮ በእውነትም ሳምንት አይፈጅም ነበር። አባቴ ግን የፋብሪካው ሥራ አልጣመውም። "ይኼ መርከብ አይደለም፣ ሳሙና ነው" አለ። የመድፎቹ አፍ ድፍን ነው ብሎ በጋለ መርፌ አንድ በአንድ አስበሳኝ። የወለሏ ጣውላ አይለይም ብሎ መስመሩን በምላጭ አስጫረኝ። የዳር አጥር የላትም ብሎ ከተቃጠለ ዲናሞ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ፈትቶ አጥር ሠራላት፤ "ማዕበል ሲነሣ የምትይዘው አጥር ካጣህ የዓሣ ነህ" ይለኛል ሽቦውን እያቃና። ግራጫ ቀለሟን ከግድግዳ ቀለምና ከድስት ጥላሸት በጠበጠ። ውሃ ውስጥ የሚውለው ሆዷ ቀይ መሆን አለበት ብሎ ከጎረቤት ፀጉር ሠሪ ኩቴክስ አስለመነኝ። ዝገቷን በሻይ ሣልናት። ያ ክፍል ቤንዚን ቤንዚን፣ ኩቴክስ ኩቴክስ እየሸተተ ራሴን ያዞረኝ ነበር፤ መስኮቱን ስከፍተው ደግሞ የረዳቶቹ ጩኸት ይገባል።

የገመዶቿ ነገር ብቻውን ክረምቱን አጋመሰው። የልብስ ስፌት ክር ሞከርን፣ ወፈረ፤ የእናቴን ፀጉር ሞከርን፣ ተጠቀለለ። በመጨረሻ እናቴ እንሰት ስትፍቅ ያስቀረችውን ቃጫ አባቴ አየ። አንዲት ክር መዝዞ፣ በጧፍ ሰም አሸት አድርጎ፣ ከምሰሶ ምሰሶ ወጠራት፤ ልክ የመርከብ ገመድ። የመርከበኛ ቋጠሮ ያስተማረኝ ያኔ ነው። በቀኝ ታዞረዋለህ፣ ከሥር ታሾልከዋለህ፣ ሳትነጥቅ ቀስ ብለህ ታጠብቀዋለህ። የእኔን ቋጠሮ ባየ ቁጥር ፈትቶ ራሱ ያስረዋል። "ያንተ ይላላል" ይለኛል። "የላላ ቋጠሮ ሰው ይገድላል።"

እውነቱን ልንገርህ፣ ሥራው አልጣመኝም ብል ውሸቴን ነው። አንዳንድ ቀን ረዳቶቹ ሲጮኹ ሳልሰማቸው ይመሻል። ያ ነበር ይበልጥ የሚያስፈራኝ። እንዳልሰማ ሆኜ ልቀር ነው እል ነበር በልቤ።

አባቴ ደግሞ የተሠራውን ይነቅላል። "ይቺ ማማ ጠማለች" ይልና ትናንት የለጠፍነውን በምላጭ ያነሣዋል። ደላላው በአጥሩ በኩል ብቅ እያለ "አለቀች ወይ?" ይለኛል፤ በከተማው ስለ መርከባችን ያልሰማ አልነበረም። አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀ። "ሰዎቼ በያሆዴ ማግስት ይወጣሉ። መርከብህን ጨርሰህም ሆነ ሳትጨርስ እኔ አልጠብቅህም" ብሎኝ ሄደ። ያሆዴ የእኛ የሃዲያ ዘመን መለወጫ ነው፤ ጥቂት ቀን ብቻ ነበር የቀረው። ያንን ለአባቴ ስነግረው ራሱን ነቀነቀና "ትደርሳለች" አለ።

ደረሰችም። በበዓሉ ዋዜማ አትዙሪ ከአንድ ነገር በቀር አልቃ ጠረጴዛው ላይ ቆመች። ከኋላ፣ ከሆዷ ሥር፣ ሁለት መሪዎች አሏት፤ መርከቧን ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚመልሷት የጥፍር ያህል ቅጠሎች። አንደኛውን ለጥፈን ሁለተኛውን ኩቴክሱ እስኪደርቅ መስኮቱ ላይ አስቀመጥነው። በማግስቱ ጠዋት የለም።

ቤቱን ገለበጥነው። ፍራሽ አነሣን፣ ጥራጊውን በወንፊት ነፋን። እናቴ ዶሮዎቹን ጠረጠረች። "ከቀርከሃ እቀርጸዋለሁ" አልኩ፤ ዕቃ ማንሻ ክሬኗን የሠራነው ከቀርከሃ ነበር። አባቴ እጁን አወናጨፈ። "ሌላው ይቀረጻል። መሪ ግን ኦርጅናል መሆን አለበት። መሪዋ የጎደለ መርከብ አለቀች አትባልም።"

ጓደኞቼ የወጡበት ጠዋት መስኮቱ ላይ ነበርኩ። "አዲሳባ፣ አንድ ሰው የቀረው!" ይላል ረዳቱ፣ ደጋግሞ። አባቴ ከኋላዬ ተንበርክኮ በባትሪ አልጋ ሥር ይፈልጋል። "ትገኛለች" ይለኛል ቀና ሳይል። አውቶብሱ ሲወጣ እንባዬ መጣ፤ ከኀዘን አይደለም፣ ከንዴት ነው።

ዝናቡ አቁሞ ፀሐይ የወጣ ጊዜ፣ አንድ ቀን አባቴን ጓሮ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ አግዳሚው ላይ እንቅልፍ ጥሎት አገኘሁት። የጋቢው ጫፍ ተቋጥሯል። ሰው ጋቢው ላይ ሳንቲም ይቋጥራል፤ ይኼኛው ግን የመርከበኛ ቋጠሮ ነበር። ቀስ ብዬ ፈታሁት። መሪው፣ ከነቀይ ኩቴክሱ።

ደሜ ፈላ። ልቀሰቅሰውና ልጮህበት ነበር። ሌላ ደላላ ሞልቷል። መሪውን ለጥፌ "አለቀች፣ መርቀኝ" ብለው ይመርቀኝ ነበር፤ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው ቢሆንማ ምን ብሎ ይደብቀዋል? አሳዘነኝም አናደደኝም። እዚያው ቆሜ ሳለሁ እጁ በእንቅልፉ የጋቢውን ጫፍ ፈለገ። ዳበሰ፣ አጣው፣ ፊቱ ተጨማደደ፤ ያ ስልክ የተቋረጠ ቀን ያየሁት ፊት ነው። ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። መሪውን ቦታው መለስኩና በቀኝ አዙሬ፣ ከሥር አሾልኬ፣ እንዳይነቃብኝ ቶሎ አሰርኩት። የታሰርኩበትን በገዛ እጄ አጠበቅሁት ማለት ነው።

ከዚያማ ምን ልበልህ፣ ለዓመታት አብረን ፈለግነው። በዓል መጥቶ ቤት በጸዳ ቁጥር "እስቲ ያንን ጥግ እይ" ይለኛል፤ እኔም እንበረከካለሁ። እናቴ "ጅል አግብቼ ጅል ወለድኩ" ትላለች። ባጃጅ ገዛሁ፣ አገባሁ፣ ሴት ልጅ ወለድኩ። በዚያ ጠዋት ከወጡት አንዱ ተመልሶ መናኸሪያው ፊት ለፊት ፎቅ ሠርቷል፤ ባለፍኩ ቁጥር ይቆጨኛል። ከሌሎቹ ደግሞ እንደ ወንድሜ ድምፃቸው የጠፋ የሁለቱ እናቶች ባጃጄ ላይ ሲሳፈሩ በመስታወት አያቸዋለሁ።

አባቴ የታመመ ጊዜ ከመርከቧ አጠገብ አስተኙኝ ብሎ የጓሮዋን ክፍል መረጠ። አንድ ከሰዓት ጠራኝ። "አገኘኋት" አለና መዳፉን ዘረጋ። ኩቴክሱ ጠቁሯል።

"የት ነበረች?" አልኩት።

"አልጋ ሥር።"

"እዚያ እኮ ፈልጌ ነበር።"

"በደንብ አልፈለግህም።"

ከባጃጇ ጥቂት ቤንዚን ቀድቼ ፎም አሟሟሁ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ መርፌውን እኔ ያዝኩ፣ እሱ መሪውን ያዘ። ቦታዋ ገባች። ያን ጊዜ ሌላውን መዳፉን ግንባሬ ላይ አድርጎ እትፍ፣ እትፍ ብሎ መረቀኝ። "መንገድህ ይቅና። ውሃው ይሸከምህ" አለኝ። ወዴት እንደምሄድ አልጠየቀኝም፣ እኔም የምሄድበት እንደሌለኝ አልነገርኩትም። እናቴ በር ላይ ቆማ ታየን ነበር።

"ጋቢዬ ላይ ያሰርከው ቋጠሮ ግን" አለኝ ቆይቶ፣ ዓይኑን ከመርከቧ ሳያነሣ፣ "ያኔም ላላ ያለ ነበር።"

ሙጫው እስኪይዝ ድረስ ሁለታችንም ጣታችንን አላነሣንም። ከመስኮቱ ማዶ ረዳቱ አዲሳባ፣ አንድ ሰው የቀረው እያለ ይጣራል።