እናቴ ከጥምቀት ማግስት የምትሄድበት ቤት

ደብረ ብርሃን፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አጠገብ፣ አንዲት ሴት የታጠበ የበግ ጠጉር አጥር ላይ አስጥታለች። የእርጥቡ ጠጉር ሽታ አንኮበር ወዳለው የልጅነት ቤቴ ወሰደኝ።

ጥምቀት አልፎ ታላቅ እህቴ ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ፣ እናቴ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ነጠላዋ ሥር የሆነ ነገር ሸጉጣ መውጣት ጀመረች። የት እንደምትሄድ አትናገርም። አባቴን ስጠይቀው፣ «በዓል ሲያልፍ ቤቱ ይከብዳታል፤ ተያት» አለኝ። ቤት የከበደው ሰው ጥሎ ይሄዳል ብዬ አሰብኩ። የምትሸጉጠው ልብሷን መሰለኝ፤ ጥቂት በጥቂት አውጥታ እህቴን ልትከተል ነው።

አንድ ቀን ተከተልኳት። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ቤት ገባች። በበሩ ክፍተት አየሁ፤ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው እየሳቁ ጠጉር ይፈትላሉ። ለማያውቅ ላስረዳ፦ በእኛ አገር ለበዓል የታረደ በግ ጠጉሩ አይጣልም፤ ተፈትሎ የብርድ ልብስ ይሠራበታል። እናቴ የሸጎጠችውም ጠጉር ነበር።

«ሰላይ ወልደሻል» አሏት እትዬ አስካለ፣ እኔን አይተው።

«አባትሽ ነው የላከሽ?» አለችኝ እናቴ።

«አትሂጂ» አልኳት።

እንዝርቷን አስቀምጣ ሳበችኝ። «የት እሄዳለሁ? ቤት ስውል የእህትሽን መደብ እያየሁ አለቅሳለሁ። እነዚህ ግን ያስቁኛል።»

ዛሬ ቤቴ እንደገባሁ እናቴ ደወለች።

«የጥምቀት እንግዶችሽ ሄዱ?»

«ሄዱ። ደህና ነኝ፣ እማዬ። ፈተና እያረምኩ ነው።»

አላመነችኝም። «ስልኩን ሳትዘጊ ውጪና የጎረቤት በር አንኳኪ። ልስማው።»

ወጥቼ አንኳኳሁ።