ሳይታጠብ የቆየው ባና

ባለፈው ማክሰኞ፣ ሰቆጣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ፣ ገና የግቢውን በር ሳልፍ የእርጥብ ሱፍ ሽታ ተቀበለኝ። ዝናብ የመታው በግ የሚሸተው ዓይነት ነው፤ ግን የወንዝ ጭቃና የቆየ የማገዶ ጭስም ነበረበት። ልጄ ሰላም ግቢው መሃል ትልቁን ሳፋ አስቀምጣ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ከሣጥን ያላወጣሁትን ባና ታሻለች።

«እማዬ፣ ይሄ ብርድ ልብስ እኮ አሸዋ ብቻ ነው፤ ምን ተሸክመሽበት ነው?» አለችኝ።

ውሃውን እንዳትደፋው አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ደንግጣ እጇን ከሳፋው አወጣች። ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ያ ሽታ ወደ ልጅነቴ ከተማ፣ ወደ ጽጽቃ ወስዶኝ ነበር፤ እማማ ስንዱ ወርቅ የሚያጥቡበት ወንዝ ዳር።

አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ጽጽቃ ስንገባ እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤት ተከራይተን ገና ዕቃችንን ሳንፈታ አንድ ጣሳ ቆሎ ይዘው የመጡት ጎረቤት እማማ ስንዱ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ቀጭን ረጅም ሴት። አፋቸውን የፈቱት በዋግ አገዎች ቋንቋ፣ በኽምጣና ስለሆነ፣ አማርኛ ሲናገሩ ገበያ ላይ ሽንኩርት እንደሚመርጥ ሰው ቃሉን አንድ በአንድ እያነሱ ነበር። ለዚያ ይሆናል፣ ውሸት ለመናገር ጊዜ ያላቸው አይመስለኝም ነበር።

ወደ ተከዜ ከሚወርዱት ወንዞች በአንዱ ዳር፣ ከድንጋይ ሥር አሸዋ እየቆፈሩ ያጥባሉ። ባላቸው ከዋንዛ ግንድ ፈልፍለው የሠሩላቸው ረጅም ገንዳ ነበራቸው። ጫፍና ጫፉ ክፍት ነው፤ ከወንዙ በትንሽ ቦይ የተጠለፈ ውሃ በላዩ ያልፋል። ወለሉ ላይ የበግ ጠጉር ባና ይነጠፋል። አሸዋውን ከላይ በጣሳ ሲያፈሱት ውሃው ቀላሉን ይዞ ይወርዳል፤ ከባዱ፣ ማለትም ወርቁ፣ ጠጉሩ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ከዚያ ባናውን አንስቶ ገበቴ ውስጥ ማጠብ፣ ገበቴውን እያዞሩ ጥቁሩን አሸዋ መለየት ነው። ገበቴ ማዞሩን እኔንም አስተምረውኛል።

እማማ ስንዱ እያንዳንዱን ጣሳ ሲያፈሱ «ለነፍሰ ገብረ ሥላሴ» ይላሉ። የባላቸው የክርስትና ስም ነው። የሰውዬው ተዝካር አልወጣም ነበር፤ በሞቱበት ዓመት እህል አልነበረም። «እዚያ ቆሞ ነው ያለ» ይሉኝ ነበር፤ «ተዝካሩን ሳላወጣለት ማን ተቀመጥ ይለዋል?» ወርቁን የሚያጠራቅሙት በፔንስሊን ብልቃጥ ነው። ብልቃጡ እስከ አንገቱ ሲሞላ ሰቆጣ ወስደው ሊሸጡት፣ ከዚያ ሊደግሱ ነው። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ከግማሽ አልፎ ነበር። ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ያሳዩኝና መልሰው ጡታቸው ሥር ይወሽቁታል።

የሚያስቸግራቸው ባናው ነበር። ውሃ ሲጠጣ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ እሳቸው ደግሞ ብቻቸውን ናቸው፤ ወገባቸውም አልቋል። ሊያነሱት ሲጎነበሱ የሚያቃስቱት እስከ መንገዱ ድረስ ይሰማ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ስገባ ስለ ተዳፋት ተማርን። እኔ ደግሞ የተማረችው ነገር ቶሎ የሚያሳክካት ልጅ ነበርኩ።

«እማማ፣ ይህን ገንዳ ላቅልልዎት» አልኳቸው።

«ታውቂበታለሽ?»

«አውቅበታለሁ።»

እንደዚያን ቀን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ቅዳሜ የአባቴን መዶሻና ሚስማር ይዤ ወረድኩ። እማማ ስንዱ ሲያጥቡ አርፍደው ስለነበር ባናው አሸዋ እንደያዘ ነው። መጀመሪያ እንጠበው ቢሉኝ፣ በኋላ ይደርሳል ብዬ ጎትቼ አወጣሁትና ድንጋይ ላይ ጣልኩት። እሳቸው በጥንቃቄ ጠቀለሉትና ማታ ቤታቸው ወሰዱት። በምትኩ የማዳበሪያ ከረጢት ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘረጋሁ፤ ሦስት ቀጫጭን እንጨቶች አግድም መታሁ፤ የገንዳውን ራስ በድንጋይ ሁለት ስንዝር ከፍ አደረግሁ። ውሃው ተወረወረ። አሸዋው ማንም ሳያማስለው ይሮጣል። መጎንበስ ቀረ፤ እማማ ስንዱ ተቀምጠው በጣሳ ማፍሰስ ብቻ ሆነ ሥራቸው። ሦስት ቀን የሚፈጀው አሸዋ በአንድ ጠዋት አለቀ። በዚያው ቀን ምስር የምታህል አንድ ፍሬ እንጨቱ ሥር ተገኘችና ግንባሬን ሳሙኝ።

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ።»

ለሰፈሩ ሁሉ አወሩልኝ። የሳይንስ መምህራችን ሰምቶ ትንሽ ሞዴል አሠራኝና በወላጆች በዓል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። አባቴ ለሠርግ ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ መጣ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ቀርቶ ኢንጂነሯ ተባልኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለእኔ ነው።

ከዚያች ፍሬ በኋላ ብልቃጡ አልጨመረም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ወር። እማማ ስንዱ የሚቆፍሩበትን ቦታ ቀያየሩ፤ ምንም የለም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ እሳቸው በሌሉበት፣ ገንዳው ከሥሩ ከሚተፋው የአሸዋ ክምር ሁለት እፍኝ ዘግኜ በገበቴያቸው አጠብኩ። ለጨዋታ ነበር። ጥቁሩ አሸዋ ገለል ሲል ከኋላው እንደ ዱቄት የላመ ቢጫ ጭራ ወጣ። ወዲያው ገባኝ። ውሃው ከልክ በላይ ፈጥኗል፤ ላስቲኩም የሚይዝበት ጠጉር የለውም። ድቃቁ ወርቅ በሙሉ በእኔ ተዳፋት ሲወርድ ከርሟል።

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ማንም አልነበረም። ገበቴውን ወንዙ ውስጥ ደፋሁት። ከዚያ ክምሩን በእግሬ እየገፋሁ፣ ተረከዜ እስኪላጥ ድረስ፣ ውሃው ውስጥ ጨመርኩት። ያን ክምር በባናው እንደገና ብናጥበው ኖሮ የተዝካሩ ወርቅ እዚያው ነበር። ይህን የማውቀው ዛሬ አይደለም፤ ያኔም እየገፋሁት አውቅ ነበር። የፈራሁት እማማ ስንዱን አልነበረም። የፈራሁት ያ ኮት፣ ያ ጠረጴዛ፣ ያ ስም እንዳይወሰድብኝ ነው።

እማማ ስንዱ ምክንያቱን ራሳቸው አገኙት። አንድ ምሽት ቤታችን መጥተው ለእናቴ ሲነግሩ፣ እኔ በኩራዝ የቤት ሥራ እሠራ ነበር።

«ወንዙ ዘጋብኝ» አሉ። «ቀን ተሳስቼ በሚካኤል ወርጄ አጥቤያለሁ።»

«ሳያውቁ ነው እኮ እማማ፤ ይህ ምን ኃጢአት አለው?» አለች እናቴ።

«እኔ ባላውቅ ወንዙ ያውቅ የለ።»

የሚያስፈልገው ሁለት ቃል ነበር፤ ገንዳው ነው። እርሳሴን እንደያዝኩ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ግን እዚያው መቀመጫዬ ላይ መንቀዝ ጀመረ።

የንስሐ አባታቸው ደግ ሰው ነበሩ፤ ጥቂት ስግደት ሰጥተው ወደ ሥራሽ ተመለሺ አሏቸው። እሳቸው ግን ከራሳቸው ጨመሩበት፤ ከእንግዲህ እጄ ወርቅ አያጥብም ብለው ማሉ። ብልቃጡን ለሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሰጡ። ገንዳው ጫፎቹ በጭቃ ተደፍነው የጎረቤት ከብት የሚጠጣበት ሆነ። እሳቸው በዚያ ወገባቸው ለጠላ ቤት ውሃ መቅዳት ያዙ፤ ተዝካሩም ቀረ። አንድ ቀን እንስራ እንዳዘሉ መንገድ ላይ አስቆሙኝና ይቅርታ ጠየቁኝ። «ያን ያህል ደክመሽልኝ፣ የእኔ ኃጢአት ሥራሽን አበላሸብሽ» አሉ። እኔም «ምንም አይደለም» አልኳቸው። በዕድሜዬ ከተናገርኩት ሁሉ የምጠላው ይህን ነው።

አባቴ ወደ ሰቆጣ ሲዛወር ዕቃችን እስከተጫነበት አይሱዙ ድረስ መጡ። ባናው ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል።

«ሰቆጣ ይበርዳል፤ ያዢው» አሉኝ። «ሳታጥቢው እንዳትለብሺው። ወንዝም እንዳትወስጂው፤ በገበቴ እጠቢው።»

ቆሻሻነቱ አሳፍሯቸው መሰለኝ። ወስጄ ሣጥን ግርጌ ከተትኩት። እንዳልለብሰው እፈራለሁ፤ እንዳልጥለውም እፈራለሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በግ ሊሸጥ ከጽጽቃ የመጣ ሰው ማረፋቸውን ለአባቴ ሲነግረው ሰማሁ። ማልቀስ ሲገባኝ ቀለል አለኝ፤ የምናዘዝላቸው ሰው የሉም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ፊዚክስ ተምሬ፣ በየዓመቱ ስለ ተዳፋት አስተምራለሁ። ያ ምዕራፍ ሲደርስ ተማሪዎቼ መምህርት ዛሬ ምን ሆነች ይላሉ።

ማክሰኞ ዕለት ሰላም ባናውን ጨምቃ ስታነሳ የሳፋውን ውሃ ቀስ ብዬ አጎደልኩ። ከሥር የቀረውን አሸዋ ሊጥ ወደምናቦካበት ገበቴ ገለበጥኩና አዞርኩት። እጄ አልረሳም። ጥቁሩ አሸዋ ገለል አለ፤ ከኋላው ቢጫው ጭራ መጣ፤ ወፍራም ነበር። ያን ጠዋት ሳላስጨርሳቸው የጎተትኩት፣ ከዚያም በፊት ጠጉሩ ውስጥ ሲሰገሰግ የኖረው ሁሉ ነው። በገበቴ እጠቢው ያሉኝ ለዚህ ኖሯል፤ መሐላቸው የእሳቸውን እጅ እንጂ የእኔን አልከለከለም። ለባላቸው ነፍስ ያሰቡትን፣ የቀራቸውን በሙሉ፣ ለእኔ ነበር የሰጡኝ።

«ምንድን ነው እማዬ?» አለችኝ ሰላም።

ነገርኳት። ክምሩን በእግሬ የገፋሁትንም አልዘለልኩም። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ልጄ ገበቴውን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ «ተዝካሩስ?» አለች።

ትናንት እሑድ ወርቁን በብልቃጥ ይዤ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ሰሙኝ፤ ለሁለቱም መታሰቢያ ይሁን አሉና ብዕር አነሱ።

«የሰውዬው የክርስትና ስም ማነው?»

«ገብረ ሥላሴ» አልኩ ሳላስብ። በስንቱ ጣሳ ሰምቼዋለሁ።

«የሴትዮዋስ?»

«እማማ ስንዱ።»

«እሱ የዓለም ስሟ ነው። የክርስትናዋን ነው የምልሽ።»

አላውቀውም። ለባላቸው ሲጸልዩ ስሰማ ኖሬ፣ የእርስዎስ ማነው ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። አባ ብዕሩን አስቀመጡ። «ጽጽቃ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም፤ ሄደሽ ጠይቂ» አሉኝ።

የፊታችን ቅዳሜ እሄዳለሁ። ስማቸውን ስጠይቅ ሰዎቹ መጀመሪያ «አንቺስ ምናቸው ነሽ?» ማለታቸው አይቀርም። መልሱን ከአሁኑ እየተለማመድኩት ነው፤ ገንዳቸውን ያበላሸሁት ልጅ ነኝ፤ ወንዙ አልዘጋባቸውም።