ጠብቆ የሚነበበው «ኮቱ»

ትናንት ወደ ጅሬን ኮረብታ ስወጣ ባጃጁ ውስጥ ያ ዘፈን ተከፈተ። ሹፌሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ኮቱ ኮቱ፣ ያምራል ከደረቱ» እያለ አብሮ ያንጎራጉራል። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ የረጠበ የቡና ገለባ ሽታ በጎን ይገባል። ካሴቱ ሲወጣ ሹፌሩ አልተወለደም። ግጥሙን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብዬ ብነግረው ያበድኩ ይመስለዋል። ለአንተ ግን ልንገርህ።

አወቱ መንደራ ሰፈር፣ ወንዙ ዳር ስናድግ ዘፋኙ አጥር ለአጥር ጎረቤታችን ነበር። እናቱን «አዴ» ነበር የምንላቸው። ቡና ሲለቅሙ ውለው ይመለሱና፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ደጃፋቸው ላይ ቆመው «ያ ኢልማ ኮ፣ ኮቱ!» ይላሉ። በኦሮምኛ ልጄ ሆይ፣ ና! ማለታቸው ነው። «ቱ»ን ጠበቅ፣ መጨረሻውን ሳብ ያደርጉታል። ቤታችን አማርኛ ብቻ የሚነገርበት ቢሆንም እኔም ወደ ቤት የምገባው በሳቸው ጥሪ ነበር።

ልጁ ጎረምሳ ሲሆን ከዚያ ጥሪ ዜማ አወጣ፤ «ኮቱ ኮቱ፣ ትጣራለች እናቱ።» አዲስ አበባ ሊያስቀርፀው ሲነሳ ግጥሙን እንድገለብጥለት ለመነኝ። የሱ ጽሕፈት ዶሮ የጫረችው ነበር።

«ጠብቆ ይነበባል ብለሽ ጻፊበት፤ ትርጉሙንም» አለኝ።

«ሂድ እባክህ! ‹ኮቱ›ን የማያውቅ ሰው አለ?» አልኩትና ሳልጽፍበት ቀረሁ። እኔ ራሴ ያኔ ከሰኮሩ ወዲያ አልፌ አላውቅም።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። አዲስ አበባ ያለው የሙዚቃ አቀናባሪ ወረቀቴን አላልቶ አነበበና ስለ ወንድ ኮት የተገጠመ መሰለው። በጣምም ወደደው። ልጁ «ና ማለት ነው» ቢል ማን ይስማው! «ኮትን ሁሉም ያውቃል፤ ካልፈለግክ በመጣህበት አውቶቡስ ተመለስ» አለው። እናት ከግጥሙ ወጣች፣ ደረት ገባ። ካሴቱ ሱቅ ሳይደርስ ያልቅ ጀመር። ከአጋሮ ቡና ጭኖ የሚመጣ መኪና ሁሉ እሱን ይከፍታል፤ ሙሽሮች የኮታቸውን ጫፍ ይዘው ይጨፍሩበታል።

ልጁ ግን ወደ ቤቱ አልመጣም። «እናቴን በኮት ለውጬ በምን ፊቴ» ብሎ ጻፈልኝ።

አዴ ዘፈኑን በሬዲዮ ሲሰሙ እንባቸው መጣ። «ልጄ በርዶት ነው ኮት ኮት የሚለው፣ ዋላሂ!» አሉ። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደው ወፍራም ቡናማ ኮት አሰፉለት። ልላክልዎ ብላቸው «አይሆንም፣ መጥቶ ይለብሰዋል» ብለው ምስማር ላይ ሰቀሉት።

ያ ኮት ዓመታት እዚያው ተሰቅሎ ቆየ። አንድ ቀን መደበቅ አልቻልኩም።

«አዴ፣ ዘፈኑ ስለ ኮት አይደለም። የእርስዎ ጥሪ ነው። በጽሕፈቴ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

በጥፊ የሚሉኝ መስሎኝ ስሸማቀቅ ሳቁ።

«ታዲያ ኮት ብላችሁ ጠርታችሁት፣ ልጄ እንዴት ይምጣ?» አሉኝ። እየሳቁ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

አዴ ሲያርፉ ልጁ ለቀብራቸው አልደረሰም፤ በማግስቱ መጣ። ኮቱን ከምስማሩ አውርጄ ሰጠሁት፣ ለበሰው። እጅጌው ከክንዱ መሃል ቀረ። አዴ የለኩት በልባቸው ነበር፤ ያኔ ማታ ማታ ይጠሩት በነበረው ልጅ ቁመት። ሳያወልቀው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ወንዙን ሲያይ ዋለ። ለቀስተኛው ግባ ቢለው አልሰማም።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል በሩ ላይ ቆምኩ።

«ኮቱ» አልኩት፣ ጠበቅ አድርጌ።

ተነስቶ ገባ።