አልተመለሰችም የተባለችው ወፍ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርሁም። ስንት ጊዜ ከፊታቸው ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬያለሁ፤ ይህን ግን ዋጥሁት። አሁን ለማታውቁኝ ለእናንተ የምጽፈው መተኛትም መቀመጥም ስላቃተኝ ነው።

የምኖረው ከንፋስ መውጫ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ነው። ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ። ሦስተኛዋ፣ ውባለም፣ ዓመት እንደሞላት ይልቃል የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጥቶ እኛ ቤት አረፈ። ክረምቱ ሲወጣ መጥተው በመጋቢት የሚሄዱትን ትንንሽ ወፎች ሊያጠና ነው። ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ትል የሚለቅሙትን፣ ሲበሩ ጅራታቸው ሥር የሚነጣውን። በመረብ ይይዛቸውና ከባቄላ ፍሬ የምታንስ ዕቃ ጀርባቸው ላይ በክር ያስራል።

"ይህች ዕቃ ንጋትና ምሽትን ትመዘግባለች፣ እትዬ" አለኝ። "ከዚያ ወፏ የት አገር እንደነበረች ይታወቃል። ግን ወሬ አትልክም። የዛሬ ዓመት ወፏን እዚሁ መልሼ ካልያዝኋት ድካሜ ሁሉ ባዶ ነው።"

"ባሕር ተሻግራ እዚሁ ድንጋይ ላይ ትመለሳለች?"

"እግዚአብሔር ከፈቀደ፣ እዚሁ ድንጋይ ላይ።"

ቃሉ ልቤ ውስጥ ቀረ። ሄዶ የሚመለስ ነገር። የእኔ ሁለቱ ሄደው አልተመለሱም።

በመጋቢት ወፎቹ ሄዱ፤ እሱም ሄደ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ እሱ ገና ሳይመጣ፣ ድመታችን አንዲቷን ከካብ ሥር ይዛ ስትወጣ አየሁ። ሳስጥላት ወፏ ሞታለች። ዕቃዋ ግን ከነክሯ ነበረች። ፈትቼ አስቀመጥሁለት። እስከዚህ ድረስ በደል የለብኝም።

በዚያው ሳምንት ውባለም በትኩሳት ወደቀች። ከጤና ኬላ ኪኒን ሰጡኝ፤ ጸበልም አጠጣኋት። ይበቃታል ብዬ ግን አላመንሁም። እኔ፣ ጠንቋይ ደጅ የሚሄዱትን ስወቅስ የኖርሁት፣ ሄዳ የተመለሰችውን ያችን ዕቃ በቆዳ ሰፍቼ ከማተቧ ጋር አሰርሁላት። ልጄ በሦስተኛው ቀን ምግብ ጠየቀች።

ዛሬ ብትጠይቁኝ ኪኒኑንና ጸበሉን እላለሁ። ያኔ ግን ክሩን ብፈታ ልጄ የምትሄድ መሰለኝ።

ይልቃል መጣ። ሦስት ሳምንት ከካብ ካብ ዞረ። ዕቃ ካሰረባቸው ሁሉ አንዲት ወፍ እንኳ ልትገኝለት አልቻለችም። ጎረቤታችን አያ ደምሴ ባገኘው ቁጥር ይተርበዋል፦ "እኛ ወፍ የሚያባርር እንጂ ወፍ የሚናፍቅ አላየንም። ሚስት ብታገባ ይሻልህ ነበር፤ ብትኮበልል እንኳ የአባቷ ቤት ይታወቃል።" ይልቃል አብሮ ይስቃል። ፊቱ ግን በየቀኑ ይከሳል።

"እትዬ፣ አንዲት እንኳ አላዩም?" አለኝ።

"አላየሁም" አልሁት። እኔ ነኝ ያልሁት። ማን አስገደደኝ?

አንድ ቀን ውባለምን ታቅፎ ሲያጫውታት እጁ ቆዳው ላይ አረፈ። "ይቺ ደግሞ ምን አስራለች?" አለ።

"ክታብ ነው፤ እንዳትነካው።"

እጁን ቶሎ አነሳ። "ይቅርታ፣ እትዬ። ያሳድግልዎ።"

ሲፈልገው የከረመው ነገር ከጣቱ ሥር ነበር። እኔም እያየሁ ነበር። ደበቅሁ።

ሊሄድ ሲል ደብተሩ ላይ "አልተመለሰችም" ብሎ ሲጽፍ አየሁት፤ ማንበብ እችላለሁ። ስልክ ቁጥሩን በወረቀት ሰጠኝ፤ ለልጄም ሹራብ ትቶላት ሄደ። ተቀበልሁ። በየትኛው እጄ ተቀበልሁ?

ውባለም ትምህርት ቤት ስትገባ ቆዳውን ቀደድሁት። ላብና ቅቤ ገብቶበት ዕቃው ዝጓል። ያኔ ስልክ ገዝተን ነበር፤ ልደውልለት እችል ነበር። ኀፍረቴን ፈራሁና ምድጃ ውስጥ ጣልሁት። መጀመሪያ ደበቅሁ፤ ኋላ አቃጠልሁ።

ልጄ ዛሬ ንፋስ መውጫ ትማራለች፤ በቁመት በልጣኛለች። ተመስገን፤ ከዚህ ሌላ ቃል የለኝም። ለነፍስ አባቴ ያልነገርሁት የሚሰጡኝን ስግደት ፈርቼ አይደለም። "ያ ቀን ቢመለስ ከአንገቷ ፈትተሽ ትሰጭው ነበር?" ቢሉኝ፣ አዎ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። እንዲህ ያለው ጸጸት ይባላል? የእናት ልብ ነው ብላችሁ አታቅልሉልኝ። እናት የሆነች ሁሉ የእንግዳዋን ድካም አልሰረቀችም።

ይልቃል፣ የት እንዳለህ አላውቅም፤ ወረቀቱም ጠፍቶብኛል። ይቅር በለኝ የምልበት ፊት የለኝም። ደብተርህ ተሳስቷል፤ ያሳሳትሁት እኔ ነኝ። በኅዳር፣ በሚካኤል ማግስት፣ ጠዋት፣ ከገብሱ ማሳ በላይ ካለው ካብ ሥር፣ አንተ ያሰርኸውን እንደ ተሸከመች፣ ወፏ ተመልሳ ነበር።