የአጎቴ ሰይድ ጅራፍ

ባለፈው ጥቅምት ወልድያ መናኸሪያ በር ላይ አንዲት ሴት ጥንቅሽ ዘርግታ ስትሸጥ አየሁና ለልጄ ብዬ አንድ እስር ገዛሁ። ባጃጅ ውስጥ አቅፌው ስሄድ የእርጥቡ አገዳ ሽታ፣ ጣፋጭና ትንሽ አፈር አፈር የሚለው፣ ከወልድያ አውጥቶ ልጅነቴ ወዳለበት ወደ መርሳ ወሰደኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ልጄን ያየው ሐኪም ያለኝን አስታወሰኝ።

ልጄ ሐያት ያ ሁሉ ተኩስ በከተማችን ካለፈ ወዲህ ከቤት አትወጣም። ጓደኞቿ ደብተራቸውን ይዘው በደጃችን ሲያልፉ እሷ አልጋው ሥር ገብታ ትቀመጣለች፤ ምግብ ትገፋለች፣ ደረቷን ይዛ አየር አጠረኝ ትላለች። ሐኪሙ መርምሮ ሳንባዋም ልቧም ደህና ነው አለኝ። ማዘዣ ይጽፍልኛል ብዬ እጄን ዘርግቼ ስጠብቅ፣ ዛፍና ሜዳ ወዳለበት ይውሰዷት፣ አረንጓዴ ትይ፣ ትሩጥ፣ ቤት በቆየች ቁጥር ፍርሃቱ ሥር ይሰዳል ብሎ አሰናበተኝ። ይውሰዷት ማለት ለእሱ ቀላል ነው። ከእሷ ይልቅ መንገዱን የምፈራው እኔ ነኝ።

የሚገርመው፣ እኔም በእሷ ዕድሜ አየር የሚያጥረኝ ልጅ ነበርኩ። አባቴ እዚሁ ወልድያ የናፍጣ ወፍጮ ነበራቸው፤ እኛ የምንተኛው ከወፍጮው ጀርባ ባለች ክፍል ስለነበር ዱቄቱ ከጭሱ ጋር ተደባልቆ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባና ብርድ ልብሳችን ላይ ያርፋል። ጠዋት ስንነሳ ቅንድባችን ሸብቶ እናገኘዋለን፤ እህቶቼ ይስቁ ነበር። እኔ ግን ትንፋሼ እንደ ወፍጮው ማዞሪያ ቺንጋ ማፏጨት ሲጀምር አሁን ሞትኩ እያልኩ እንቀጠቀጣለሁ፤ እናቴ ስታየኝ ትደነግጣለች፣ የእሷ ድንጋጤ ደግሞ የእኔን ያባብሰዋል። በመጨረሻ የእናቴ ወንድም አጎቴ ሰይድ ከመርሳ ለገበያ መጥተው አዩኝ። ግራ ቀኝ አገላብጠው ካዩኝ በኋላ፣ ይህን ልጅ ያሳመመው ጣሪያ ነው አሉና ይዘውኝ ሄዱ።

የአጎቴ ማሳ ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ ከማንጎው ዛፎችና ከመስኖው ቦይ ማዶ ነበር። ማሽላው ሲያፈራ መሃሉ ላይ በአራት ረጃጅም ግንዶች እንጨት ረብርበው ማማ ይሠሩና እዚያ ላይ ተቀምጠው እህሉን ከግሪሳ ወፍ ይጠብቃሉ። እኔን ከዚያ ላይ ሰቀሉኝ። ቁመቱን ፈራሁት፤ መሰላሉን ፈራሁት፤ ከታች ማሽላው ሲንሿሿ እባብ ነው ብዬ ፈራሁ። አንዱን ግንድ አቅፌ ሳለቅስ አጎቴ ከሥር ሆነው፣ "አብሽር፣ ወፉም አንተን ፈርቶ ነው እንዲህ የሚንጫጫው" ብለው ሳቁብኝ።

ሥራዬ መጮህና ጅራፍ ማጮህ ነበር። ጅራፉን ራሳቸው ከቃጫ የገመዱት ነው፤ በእሳቸው እጅ ሲሆን አንዴ በአየር ላይ ጧ ሲል ግሪሳው ከማሳው ላይ ባንድ ጊዜ ብድግ ብሎ ሰማዩን ያጠቁረዋል። በእኔ እጅ ግን ዞሮ የራሴን ጆሮ ገረፈኝ። ስጮህ ሰምተው፣ "ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል የሚባለው ጅራፍ ለካ አንተ ነህ!" አሉና እየሳቁ መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያም ከሆድህ ጩህ፣ ደረትህን ከፍተህ ጩህ ይሉኝ ጀመር። መጀመሪያ የሚወጣልኝ ፉጨት ብቻ ነበር። እያደር ግን ድምፄ ቦዩን መሻገር፣ ቀጥሎም ከማዶ ማሳ ካሉት ልጆች ጋር መመላለስ ጀመረ። ጠዋት ጤዛው እስከ ጉልበቴ ያረጥበኛል፤ ቀትር ላይ ማንጎ ሥር ተኝቼ የቦዩን ውሃ አዳምጣለሁ፤ ሲርበኝ እሸት ይጠበስልኛል፤ ጥንቅሽማ ከንፈሬ እስኪላጥ ድረስ ነበር የማኝከው። መፍራቴን መቼ እንደተውኩ አላውቅም። አዝመራው ተሰብስቦ ወልድያ ስመለስ እናቴ ጆሮዋን ደረቴ ላይ ለጥፋ ፉጨቱን ፈለገችው፤ ስታጣው አለቀሰች። አባቴ ምን አበላኸው ቢሏቸው አጎቴ አየር ብለው መለሱ።

ጥንቅሹን ይዤ ቤት እንደገባሁ ለሐያት እናት ነገ ልጅቷን ይዤ መርሳ እሄዳለሁ አልኳት። በማግስቱ ሚኒባሱ በየኬላው በቆመ ቁጥር ሐያት ጭንቅላቷን ኮቴ ውስጥ ትደብቃለች። ታጣቂ ባየሁ ቁጥር መልሼ ልወስዳት አስብና ደረቷን ይዛ የምትተነፍሰውን ሳይ እተዋለሁ። አጎቴ እንደምንመጣ በስልክ ሰምተዋል። እድሜያቸው ገፍቶ፣ ጎብጠውም እያለ፣ ሊቀበሉን ማማው ላይ ወጥተው ነበር የጠበቁን። ወደ ማሳው ስንቃረብ ከሩቅ ሲያዩን ደስታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ያንን ጅራፍ አንስተው ጧ አደረጉት።

ሐያት መሬት ላይ ተዘረጋች። እኔ፣ በዚያ ድምፅ የዳንኩት ሰው፣ ከላይዋ ላይ ወደቅሁ። ፊቴ አፈር ውስጥ ነበር፤ የእኔ ልብ ይሁን የእሷ፣ የሚደልቀውን መለየት አልቻልኩም። ጅራፍ እንጂ ጥይት አለመሆኑን አውቅ ነበር፤ አውቄም መነሳት አቃተኝ።

ቀና ስል አጎቴ ጅራፉ ከእጃቸው ተንጠልጥሎ ማማው ላይ ደርቀው ቆመዋል። ከዚያ መሰላሉን በእግራቸው እየዳበሱ ወረዱ። ጅራፉን ጠቅልለው ገለባ ሥር ሸጎጡትና ሐያት አጠገብ አፈሩ ላይ ተቀመጡ።

"አፉ በይኝ ልጄ፣ አላወቅኩም። አፉ በይኝ" አሏት።

ተነስቶ የነበረው ግሪሳ ዞሮ መጥቶ ማሽላው ላይ ሰፈረ። አንዲት ራስ ማሽላ ተበልታ ካገኙ ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጩብኝ ይውሉ የነበሩት ሰውዬ እያዩት ከተቀመጡበት አልተነሱም።

"አጎቴ፣ እህሉ እኮ አለቀ" አልኳቸው።

"ሪዝቃቸው ነው፣ አላህ የሰጣቸው ነው፣ ይብሉ" አሉኝ። ዓይናቸው እሷ ላይ ነበር።

እንደዚያው ተቀመጥን። ወፎቹ ፍሬውን ሲፈለፍሉ የሚያሰሙት ድምፅ፣ ከማዶ የቦዩ ውሃ፣ የቅጠሉ ኮሽታ ብቻ ነበር የሚሰማው። ብዙ ቆይታ ሐያት ቀና አለች። እጇን ከደረቷ ላይ አንስታ ከቤት ይዤው የመጣሁትን ጥንቅሽ ተቀበለችኝ፤ አንዴ ገመጠችና ወፎቹን እያየች ማኘክ ጀመረች። ትንፋሿ ረግቶ ነበር። ማልቀስ ፈልጌ አፈርኩ። ከማዶ ማሳዎች የሚጮህ ልጅ ይኖር እንደሆነ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ፤ አንድም አልነበረም። እኔን ያዳነኝ ጩኸት ነበር። ለልጄ ከዚያ ሜዳ የተረፈላት ዝምታው ነው፤ እሱንም ያገኘንላት ለወፍ እህል ሰጥተን ነው።

የመሄጃ ሰዓት ሲደርስ እጄን ያዘችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ስለ ውጭ ጠየቀችኝ።

"አባዬ፣ ወፎቹ ነገም ይመጣሉ?"

"ይመጣሉ፣ ኢንሻአላህ" አልኳት።

ይህን ስል የማየው ወፎቹን አልነበረም፤ ወደ ወልድያ የሚወስደውን አስፋልት ነበር። ወፎቹ እንደሚመጡ አልተጠራጠርኩም። እኛ መምጣት አለመቻላችንን ነው የፈራሁት።